ከሞጣ ሱቆች እስከ ሰባራ ድልድይ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ሞጣ ሲደርስ ይጨናነቃል። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ጤፍ የጫነው አህያ፣ ጥላ የያዙት ቄስ፣ ሁሉም በአንድ ጥርጊያ ይተላለፋሉ። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። ከነባሮቹ ብዙዎቹ የተሠሩት በአንድ ዓይነት ነው፤ ፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኖሪያ። ባንኮኒው ከደጃፉ ጀምሮ ይዘረጋል። ከባንኮኒው ኋላ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ጎን መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋና ምድጃ አለ። ሳሙናና ጨው የሚገዛ ሰው የቤቱ ወጥ ሲቁላላ ይሸተዋል፤ ባለቤቷም ሽንኩርቷን ሳታወርድ ብቅ ብላ ትሸጥለታለች። ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። በየመካከሉ በብሎኬትና በመስታወት የተሠሩት አዳዲሶቹ እየበዙ መጥተዋል።

ነጋዴውና ቤተሰቡ በሸቀጣቸው አጠገብ የሚያድሩበትን ቤት እንደ ቅርስ የሚጠብቁ አገሮች አሉ። የማሌዥያዎቹ የወደብ ከተሞች መላካና ጆርጅ ታውን እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ፣ ምድሩ ሱቅ ፎቁ መኖሪያ የሆኑት የነጋዴ ቤቶቻቸው ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በእኛም አገር ሐረር ላይ የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው ባለእንጨት ሰገነት ቤቶች አሉ። አዲስ አበባ አራዳ ላይ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች ቤቶች ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከዚያ ዘመን የቀሩ ብዙ ቤቶች አብረው ሄደዋል።

ሞጣ ውስጥ እንደዚያ ዕድሜ የጠገበ የነጋዴ ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ጭቃና እንጨት ምስጥ ይበላዋል፣ ክረምት ይንደዋል፤ ልጅም አባቱ የሠራውን አፍርሶ በአቅሙ ያድሳል። ሰውም ያጠፋዋል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በከተማዋ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም አብረው ነድደዋል። በጎጃምና በበጌምድር መካከል በነበረው የሲራራ ንግድ ሙስሊሙ ነጋዴ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው ለሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ቀን የተቃጠለው ቆርቆሮና ጨርቅ ብቻ አልነበረም። ከተማዋ የቆመችበት የመተማመን ልማድም አብሮ ተጎድቷል።

ስለዚህ የዚህን አገር የንግድ ታሪክ በግንብ ማየት የፈለገ ሰው ከሱቆቹ ጀርባ ዞሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ይኖርበታል። ሱቆቹን የወለደው መንገድ ነው፤ ከመንገዱም በድንጋይ ተሠርቶ እስከ ዛሬ የቆመው የዓባይ ድልድይ ነው። ሕዝቡ ሰባራ ድልድይ ይለዋል።

ዓባይ ጎጃምን እንዴት እንደሚከበው ካርታ ላይ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ወንዙ ከጣና ወጥቶ በስተሰሜን፣ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ይዞረዋል። በበጋ በመልካ መሻገር ይቻላል። ሰኔ ከገባ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ግን ወዲህ ያለው ወዲያ፣ ወዲያ ያለው ወዲህ አይልም። ሲራራ ነጋዴው ከሰሜን አሞሌ ጨው ይዞ ይመጣ፣ ከደቡብ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይዞ ይመለስ ነበር። ባሪያም ይነዳ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ የዚህ ንግድ ዋና መገናኛ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ብዙ ጽፏል። ከባሶ ወደ ጎንደር ለሚያቀና ነጋዴ ዓባይን የሚያሻግረው ድልድይ የጉዞው ቁልፍ ነበር።

ሞጣ ራሷ በዕድሜ ከድልድዩ ታንሳለች። ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ ይህም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድልድዩ የተሠራው ግን በአፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1660 አካባቢ ነው። ደብሩ ሲተከል፣ ካህኑ ሲሰፍር፣ በዓሉን ተከትሎ ገበያተኛው ሲሰበሰብ ድልድዩ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነበረው።

ሞጣ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ቀመስ ከተማ ናት። የሁለት እጁ እነሴን የጤፍና የስንዴ ማሳ እያቋረጠ የሚሄድ መንገደኛ መጀመሪያ ላይ ገደል ከፊቱ እንዳለ እንኳን አይጠረጥርም። ከዚያ ምድሩ ድንገት ያልቃል። ቁልቁለቱ ጉልበት ያስይዛል፤ ጋቢ ያለበሰው የጠዋት ብርድ እያነሰ ይሄዳል፤ ባሕር ዛፉ ለግራርና ለቁጥቋጦ ቦታውን ይለቃል፤ ጤፉ በማሽላ ይተካል። ከታች የሚወጡ ገበያተኞች ከሚወርዱት ጋር ሲገናኙ ሸክማቸውን ሳያወርዱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ዋጋ ይጠያየቃሉ። ማዶ የሚታየው ተራራ ደቡብ ጎንደር ነው፣ የእስቴና የአንዳቤት አገር። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው በጋብቻ ተዛምዷል፣ ታቦት ይሳለማል፣ ይገበያያል። ድልድይ ሲኖር ቅርብ ዘመድ ነው፤ ድልድይ ሲጠፋ ሩቅ አገር ይሆናል። ዛሬ በክልሉ ያለው ግጭት ይህን መንገድ እንደ ልብ እንዳይኬድ አድርጎታል፤ ሰላም ሲሆን ግን መንገደኛው ጎጃሜና በጌምድሬ ነው።

ወንዙ ዳር ሲደረስ ግንበኞቹ ቦታውን ለምን እንደመረጡት ያለ አስረጂ ይታያል። ዓባይ እዚህ ጋ በጥቁር ዐለት መካከል ጠብቦ ያልፋል። በበጋ ሲያዩት ይህን ወንዝ ለመሻገር ያን ያህል ግንብ ምን አስፈለገ ያሰኛል። በነሐሴ ግን ያው ውኃ ዐለቱን ውጦ፣ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ይመጣል። ለዚህ ነው ድልድዩ በአንድ ቅስት ያላበቃው። ዋናው ቅስት የበጋውን ጅረት ያሳልፋል፤ በዳርና በዳር የተደረደሩት ትናንሾቹ ቅስቶች ሙላቱ ግንቡን ገፍቶ እንዳይጥለው መተንፈሻ ይሆኑታል።

ድንጋዩ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጠጋ ብሎ መጋጠሚያውን ለሚያይ ግን ትልቁ ነገር በድንጋዮቹ መካከል ያለው ነጣ ያለው ኖራ ነው። በዚህ አገር ድልድይ እንዲቆም ያደረገው ኖራ ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1621 ከሕንድ የመጣ አንድ ሰው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ አገኘ፤ ከዚያ በፊት ግንብ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። ጭቃ ለቤት ይበቃል፤ ለዓባይ ሙላት ግን አይበቃም። ኖራው እንደተገኘ ጢስ ዓባይ አጠገብ የአላታ ድልድይ ተሠራ። የአላታው ዛሬም የአካባቢው ገበሬና ፏፏቴ ሊያይ የመጣው ጎብኚ በአንድነት ይሻገሩበታል። አስጎብኚዎች ኖራው በዕንቁላል እንደተለወሰ ይተርካሉ፤ ጎንደር ግንቦች ላይም ያው ትረካ አለ።

የአላታውንም ሰባራውንም የፖርቹጋል ድልድይ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ በውጭ ጉዞ መጻሕፍት ሰባራው ሁለተኛው የፖርቹጋል ድልድይ ነው። እኔ ይህ አጠራር ቢቀር ደስ ይለኛል። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 እንደነገሡ የአባታቸውን የካቶሊክ ሃይማኖት ትተው ኢየሱሳውያኑን አባረዋል። ሰባራ ድልድይ የተሠራው ከዚያ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሙያው ከውጭ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ኖራ ማቃጠል፣ ድንጋይ መጥረብ፣ ቅስት መትከል የአገሩ ግንበኛ ሥራ ሆኗል። ጎንደርን የገነባው ትውልድ ነው የዓባይን ድልድይ የገነባው። ሕዝቡም አፄ ፋሲል ሰባት ድልድይ አሠሩ ብሎ ይተርካል እንጂ ለፖርቹጋል አይሰጥም።

ድልድዩ ለሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሰውና ከብት አሻግሯል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓባይን ተከትሎ ሲያጠና ይህንን ድልድይም መዝግቧል። ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ። በሰፊው እንደሚነገረው በወረራው ዘመን አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ብለው መካከለኛውን ቅስት ሰበሩት። ይህ የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ነው፤ ቢቸና፣ ሞጣና ዙሪያው አምስቱን ዓመት ጠላት እፎይ ያላለበት ምድር ነበር። ሞጣ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ነው።

ጠላት ሄደ፤ ክፍተቱ ግን ቀረ። ከነጻነት በኋላ በነበሩት ከስድሳ በላይ ዓመታት ሰው በዚህ ክፍተት ላይ የተሻገረበት መንገድ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በወዲህኛውና በወዲያኛው ጫፍ ጎልማሶች ይቆማሉ። ገመድ በመካከል ይወረወራል። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ እጁን በገመዱ ላይ አጥብቆ እግሩን ከድንጋዩ ጠርዝ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ያለው በሁለቱ ወገን እጅ ነው። አንደኛው ወገን ይስባል፣ ሌላው ልኩን እያየ ይለቃል፤ ሰውየው መሐል ላይ ሲደርስ ገመዱ ይረግባል፣ እግሩም ወደ ውኃው ያዘቀዝቃል። አህያና በቅሎ እንዲህ አይሻገሩም። ነጋዴው ከብቱን ወዲህ ትቶ ጭነቱን ብቻ ያሳልፋል፤ ወይም ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሌላ መሻገሪያ ይፈልጋል። ምጥ የያዛት ሴት፣ ወባ የጣለው ሰው ምን ያደርግ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ስለ ዓባይ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ የዚህ ማሻገር ፎቶግራፍ ነበረበት። ፎቶውን ያነሣችው ኔቫዳ ዊር ናት። በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶውን አይቶ ተነሣ፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በተሰበረው ቅስት ቦታ ላይ የብረት ተሸካሚ ተዘረጋ። ብረቱና ሲሚንቶው መኪና በማይደርስበት ቁልቁለት የወረደው በአገሬው ሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነው። ድርጅቱ ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ሠርቷል፤ የመጀመሪያው ሥራው ግን ይህ ነበር። ዓባይ ግን የብረቱን መሻገሪያ አልታገሠውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሙላት ጠራርጎ ወሰደው። በ2009 ከሙላቱ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር በገመድ የተወጠረ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራና የመሻገሩ ችግር መፍትሔ አገኘ።

እዚህ ላይ ነው የቅርስ ጥበቃው ጥያቄ የሚጀምረው። ተንጠልጣዩ ድልድይ ለሕዝቡ እፎይታ ነው፤ ለአሮጌው ድልድይ ግን ሁለት ነገር አመጣበት። በአንድ በኩል ሸክሙን አወረደለት። በሌላ በኩል የሚጠብቀውን አሳጣው። ሰው የሚሄድበት ግንብ ድንጋይ ሲወልቅ ተሻጋሪው ያየዋል፣ ይመልሰዋል፣ ሥር የሰደደውን ቁጥቋጦ ይነቅለዋል። የአላታ ድልድይ እስከ ዛሬ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ በየቀኑ እግር ይረግጠዋል፣ ዓይን ያየዋል። ሰባራው ግን ከአሁን በኋላ የሚታየው ከላይ፣ በተንጠልጣዩ ላይ እያለፉ ቁልቁል ነው።

ቅስቱ ይመለስ የሚል ሐሳብ ማንም የሚያነሣው ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የቦስኒያው የሞስታር ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1566 የተሠራው ቅስት በ1993 ጦርነት በመድፍ ፈረሰ፤ ከቀድሞው ዓይነት ድንጋይ ተጠርቦ በጥንቱ ብልሃት እንደገና ተሠራና በ2004 ተከፈተ። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበርና ቅስቱ መመለሱ ተገቢ ነበር። ሰባራ ድልድይ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞስታርን ያፈረሰው የከተማው ጠላት ነው፤ ይህንን የሰበረው የአገሩ ሰው ነው፣ አገሩን ሊጠብቅበት። መሻገሪያውን፣ ገበያውን፣ ወንዝ ማዶ ያለውን ዘመዱን አውቆ ከፈለ። ያ ክፍተት ከድልድዩ ላይ የጎደለ ክፍል ብቻ አይደለም፤ የአምስቱ ዓመት ተጋድሎ በድንጋይ ላይ የተወው ምልክት ነው። ሰው ተንጠልጣዩን አግኝቷልና ክፍተቱን መሙላት ዛሬ ግድ አይደለም። እኔ እንደተሰበረ ይቆይ ባይ ነኝ።

እንደተሰበረ ይቆይ ማለት ግን ይፍረስ ማለት አይደለም። ቅስት እርስ በርሱ ተገፋፍቶ የሚቆም ነገር ነው። አንዱ ቅስት ሲሰበር ጎረቤቱ የሚደገፍበትን ያጣል፤ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያለው ግንብ ከሌላው ይልቅ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። የተጋለጠው ጫፍ ላይ ዝናብ በቀጥታ ወደ መሐል ሙሌቱ ይገባል፤ ኖራውን ያሟሟል፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያላቅቃል። በመጋጠሚያው ላይ የወደቀ የሾላ ፍሬ ሥር ሲሰድ እንደ ሽብልቅ ግንቡን ይከፍታል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ክረምት አይታዩም፤ በሃያ ክረምት ግን ቅስት ይጥላሉ።

ስለ አጠጋገኑ ጎንደር ዋጋ ከከፈለችበት ስሕተት የሚገኝ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ግንቦች ሲጠግኑ በሲሚንቶና በብረት ተጠቀሙ። በኋላ የመጡት የጥበቃ ባለሙያዎች ያንን ሥራ ብዙውን በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። ሲሚንቶ ከድሮው ኖራና ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውኃ ወደ ውስጥ ከገባ እንዲተን አይተወውም። ርጥበቱ ውስጥ ይታሰርና ድንጋዩን ከሥሩ ያበሰብሰዋል። ኖራ ግን ከግንቡ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ርጥበቱን ያስወጣል፣ ቢሰነጠቅም የሚሰነጠቀው እሱ ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ሰባራ ድልድይ ላይ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከማፍሰስ ሳይነኩ መተው ይሻላል።

ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም። በደጀን ቁልቁለት፣ በዚያው በዓባይ ሸለቆ፣ የኖራ ድንጋይ ንብርብር ከመኪና መስኮት ይታያል። ጃፓን ባደረገችው ዕርዳታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው 303 ሜትሩ የህዳሴ ድልድይ ያለበት ሸለቆ ነው። ድንጋዩን ማቃጠል፣ በውኃ ማፍላት፣ ከአሸዋ ጋር ለውሶ ጉድጓድ ውስጥ ማብሰል የጎንደር ግንብ ጥገና ላይ የሠሩ ግንበኞች የሚያውቁት ሥራ ነው። ኖራው የበሰለ ያህል ጥሩ ይሆናል፤ የቸኮለ ኖራ ይፈረካከሳል። የተባረሩት ሚስዮናውያን ሙያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጎጃሜና በበጌምድሬ እጅ እንደቀጠለ ሁሉ፣ ዛሬም ከሁለት እጁ እነሴና ከአንዳቤት ወጣቶችን በወንዙ ዳር አሠልጥኖ ሥራውን ማውረስ ይቻላል።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። የጎደለው የሚንቀሳቀስ እጅ ነው። ድልድዩ በሁለት ዞን ድንበር ላይ ነውና ለየትኛውም ወገን ሙሉ ለሙሉ የእኔ አይሆንም፤ ምሥራቅ ጎጃም ግማሹ፣ ደቡብ ጎንደር ግማሹ አለው። ሁለቱ በአንድ ላይ ካልተቀመጡ ግማሽ ድልድይ የሚጠግን የለም።

የሥራው ወቅት ጠባብ ነው። ዓባይ በኅዳር ይጎድላል፣ በግንቦት መጨረሻ ደግሞ ደመናው ይጫጫናል፤ በዚህ መካከል ነው ከዐለቱ ሥር ገብቶ የምሰሶዎቹን እግር ማየት የሚቻለው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቅስት መለካትና ፎቶ መነሣት አለበት፤ ነገ ሙላት አንዱን ቢወስድ ምን እንደነበር የሚታወቅበት ወረቀት ይኖራል። ከዚያ ቁጥቋጦው ከሥሩ ይነቀል፣ ላዩ ላይ የዝናብ ውኃ መውረጃ ይበጅለት፣ የተጋለጡት ሁለቱ ጫፎች በኖራ ይታሸጉ። ይህ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጥቂት ግንበኛ፣ ጥቂት ገመድ፣ የበሰለ ኖራና አንድ በጋ ይበቃዋል።